አልጋውን የተሸከሙት አራቱ ሰዎች

ለታመመ ሕፃን ሲባል ስለሚደረግ ጉዞና ድካም የቀረበ ስብከት (ማር. 2፥1-12)



ወንጌላዊው ማርቆስ በሁለተኛው ምዕራፍ የሚተርክልን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው። ጌታ በቅፍርናሆም በአንድ ቤት ውስጥ ሲያስተምር አራት ሰዎች አንድ ሽባ በአልጋ ተሸክመው መጡ፤ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ በበሩ መግባት ቢያቅታቸው ወደ ጣራው ወጡ፤ ጣራውንም ነድለው ሕመምተኛውን በጌታ ፊት አወረዱት። ይህን ታሪክ ስናነብ ብዙውን ጊዜ ዐይናችን የሚያርፈው ተነሥቶ በሄደው ሰው ላይ ነው። ዛሬ ግን ለጥቂት ጊዜ ተሸካሚዎቹን እንመልከት።

እነዚህ አራት ሰዎች በታሪኩ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ሲናገሩ አንሰማም። ስማቸው አልተጻፈም። ሐኪሞች መሆናቸው አልተነገረንም፤ ሕመሙን ሊያድኑት እንደማይችሉም ያውቁ ነበር። የነበራቸው ትከሻና እግር ብቻ ነው። ሆኖም ወንጌላዊው አንድ ትልቅ ነገር ይነግረናል፤ ጌታ እምነታቸውን እንዳየ ይመሰክራል። እምነት በልብ የተሰወረ ነገር ሆኖ ሳለ እንዴት ሊታይ ቻለ? በላባቸው ታየ፤ በደከመ ትከሻቸው ታየ፤ በጣራው አፈር በቆሸሸ እጃቸው ታየ። ለሌላው ሰው ተብሎ የሚደረግ ድካም በእግዚአብሔር ፊት የእምነት ቋንቋ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

በዘመናችንም እንዲህ ያሉ ተሸካሚዎች አሉ። ከዘር በሚተላለፍ ሕመም ለተያዘ ልጅ መድኃኒት ወይም ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲሉ ረጅም መንገድ በእግር የሚጓዙ፣ የሚሮጡ፣ በብስክሌት ተራራ የሚወጡ ወላጆችና ወዳጆች በብዙ አገሮች ይገኛሉ። ስለ እነርሱ ስንሰማ እንደነቃለን፤ ጥያቄም ይነሣብናል። ይህ ድካም ምንድን ነው? ለእኛስ ምን ያስተምረናል?

የአንዲት እናት መንገድ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2024 በደቡብ አሜሪካ በቺሊ አገር አንዲት እናት ቺሎዬ በተባለችው ደሴት ከምትገኘው ከአንኩድ ከተማ ተነሥታ ወደ ዋና ከተማይቱ ወደ ሳንቲያጎ በእግሯ ጉዞ ጀመረች። መንገዱ 1300 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የ5 ዓመት ልጇ ዱሼን በተባለው ጡንቻን እያመነመነ በሚሄድ ሕመም ተይዟል። በአሜሪካ አገር የሚሰጠው መድኃኒት ከ3.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ የሚያስወጣ ስለ ነበር፣ ይህን ያህል ገንዘብ በራሷ አቅም ማግኘት ለማንኛይቱም ተራ እናት የማይታሰብ ነው። ወራቱ በዚያ አገር የበልግ መጨረሻና የክረምት መግቢያ፣ ብርድና ዝናብ የሚበረታበት ነበር። የተመሳሳይ ሕመም ካለባቸው ቤተ ሰቦች ማኅበርም አብሯት የተጓዘ ነበር። በየከተማው ሕዝቡ እየወጣ ተቀበላት፤ እያንዳንዱም ያለውን ሰጠ። በአንድ ወር ገደማ ማለት ሜይ 29 ቀን ሳንቲያጎ ደርሳ በቤተ መንግሥቱ ከአገሪቱ ፕሬዚዳንት ጋር ተገናኘች። ጉዞዋ ሲፈጸም የተፈለገው ገንዘብ ተገኝቶ ነበር።

ስለ ልጅ ወይም ስለ ጭንቅ በእግር መጓዝ ለዚያ አገር ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ዲሴምበር 8 ቀን፣ በንጽሕት ድንግል ማርያም በዓል፣ እጅግ ብዙ ምእመናን በእግርና በብስክሌት በሳንቲያጎና በቫልፓራይሶ መካከል ወዳለው ወደ ሎ ቫስኬስ መቅደስ ይሄዳሉ። እኛም በሀገራችን ስለት ያለበት ሰው ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል በእግሩ ሲገሠግሥ፣ ሌላውም ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ አይተናል። የእግር ድካም ጸሎት ሊሆን እንደሚችል ሕዝባችን ያውቃል።

የማንም ጥፋት ያልሆነ ሕመም

ስለ ሕመሙ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ባለማወቅ ብዙ ቤት ፈርሷልና። በሰውነታችን ጡንቻዎችን ከመጎዳት የሚጠብቅ ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን አለ። ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረ መል (ጂን) ጉድለት ሲኖርበት ጡንቻው ቀስ በቀስ ይመነምናል። ሕመሙ የሚይዘው በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን ነው። ልጁ ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል፤ ከዚያ ግን ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፤ ደረጃ መውጣት ይሳነዋል፤ ከመሬት ለመነሣት በገዛ ጭኑ ላይ በእጁ እየተደገፈ ይቆማል፤ ብዙዎቹም በ12 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ መራመድ ያቆማሉ። ውሎ አድሮ ሕመሙ ልብንና የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ይነካል።

ጉድለቱ ራሷ ጤነኛ ከሆነች እናት ሊተላለፍ ይችላል። ከታማሚዎቹ ሢሶ በሚሆኑት ላይ ደግሞ ከማንም ያልተወረሰ፣ በልጁ ላይ እንደ አዲስ የተከሠተ ነው። እንግዲህ እናትን መውቀስ፣ የቤተ ሰቡን ዘር መመርመር፣ እርግማን ነው ወይም የሰው ዐይን ነው ብሎ መናገር፣ በሐኪሞች ዕውቀት ሐሰት፣ በእግዚአብሔርም ፊት በደል ነው። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ጥፋቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታ ሁለቱንም እንዳልሆነ በግልጽ መልሷል (ዮሐ. 9፥1-3)። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ቃል በተለይ አጥብቀው እንዲያስተምሩ እናሳስባለን። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ ነገር ግን ቤተ ሰቡ ልጁን በጓዳ የሚደብቀው አብዛኛውን ጊዜ ከበሽታው ይልቅ የጎረቤቱን ምላስ ፈርቶ ነው። ምላሳችንን ብንገታ ብዙ ሕፃናት ወደ ፀሐይ ይወጡ ነበር።

ለምን በእግር?

አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ገንዘብ የሚያስፈልግ ከሆነ ገንዘብ ይለመን፤ 1300 ኪሎ ሜትር መሄድ ለልጁ ጡንቻ ምን ይጠቅመዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ድካሙ የተሰወረውን ድካም ይገልጣል። ይህ ሕመም ላለበት ልጅ ሦስት ደረጃ መውጣት ተራራ ነው፤ በየቀኑ ይወጣዋል፤ የሚያጨበጭብለት ግን የለም። እናቱም ሌሊት እየተነሣች በአልጋው ላይ ታገላብጠዋለች፤ ይህም የሚቆጠርለት ኪሎ ሜትር የለውም። በአደባባይ የሚጓዝ ሰው ይህን የጓዳ ድካም ወደ ብርሃን ያወጣዋል።

ሁለተኛ፣ መንገድ ለብዙዎች ቦታ አለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ በአንድ ቤት ላይ የወደቀው ሸክም ወደ አደባባይ ሲወጣ ተሸካሚ ያገኛል። ገንዘብ የሌለው ውኃ ያቀብላል፤ ውኃ የሌለው አብሮ አንድ ምዕራፍ ይሄዳል። ሐዋርያው ጳውሎስ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ሲያዝዝ (ገላ. 6፥2) የክርስቶስ ሕግ የሚፈጸመው በዚህ ነው ይላል። በሀገራችንም እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሆኖ ማገልገሉ ይህንኑ ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ድካሙ ተጓዡን ራሱን ይለውጣል። ልጁ ሲመነምን እጁን አጣጥፎ ከመመልከት የበለጠ የሚከብድ የወላጅ ሥቃይ የለም። በ2ኛ ነገሥት 4 የምናነባት የሱነም ሴት ልጇ በጉልበቷ ላይ በሞተ ጊዜ ቤቷ ተቀምጣ አላለቀሰችም፤ አህያ አስጭና ወደ ቀርሜሎስ ተራራ ወደ እግዚአብሔር ሰው ገሠገሠች። ፍቅር መንገድ ሲያገኝ ተስፋ መቁረጥን ያሸንፋል።

ነገር ግን አንድ ነገር በጥንቃቄ እንለይ። ይህ ድካም ለእግዚአብሔር የሚከፈል ዋጋ አይደለም። እግዚአብሔር ፈውስን በኪሎ ሜትር አይሸጥም። ይህን ያህል ከተጓዝሁ ልጄን ሊፈውስልኝ ይገባዋል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ልጁ ሳይፈወስ ሲቀር አንድም በእግዚአብሔር ላይ ያጉረመርማል፣ አንድም በቂ አልደከምሁም ብሎ ራሱን ይኰንናል። ሁለቱም ነፍስን ይጎዳሉ። ሰውን የዋጀው የክርስቶስ መስቀል ነው፤ የእኛ ድካም በእርሱ ላይ የሚጨመር ክፍያ ሳይሆን ከእርሱ የሚፈልቅ ፍቅር ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ሰውነቱን እንኳ አሳልፎ የሰጠ ሰው ፍቅር ከሌለው ምንም እንደማይጠቅመው ያስተምራል (1ቆሮ. 13፥3)።

በሰው ፊት ስለ መታየት

ሌላው ጥያቄ ይህ ነው፤ ጌታ ምጽዋት በስውር እንዲሰጥ አላዘዘምን? (ማቴ. 6፥1-4)። እውነት ነው፤ አዟል። ነገር ግን በዚያው ስብከት ሰዎች መልካሙን ሥራ አይተው የሰማዩን አባት እንዲያከብሩ ብርሃናችን እንዲበራ አዟል (ማቴ. 5፥16)። ሁለቱ ቃላት አይቃረኑም፤ ልዩነቱ የሚታየው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። አራቱ ሰዎች ጣራ ሲነድሉ ሕዝቡ ሁሉ አይቷቸዋል፤ በገመዱ ጫፍ የወረደው ግን ሕመምተኛው እንጂ እነርሱ አልነበሩም። ድካሙ የእኛን ጉብዝና ለማሳየት ከሆነ ዋጋችንን በጭብጨባው ተቀብለናል።

ሕፃኑም ቢሆን ለመታየት የተፈጠረ ዕቃ አይደለም። ሥዕሉ በየአደባባዩ ሲለጠፍ፣ የመድኃኒቱ ዋጋ በጆሮው ሲነገር፣ ልጁ እኔ ለቤተ ሰቤ ዕዳ ነኝ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ልጅ ዕዳ አይደለም፤ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ስጦታ ነው፤ ገንዘቡ ቢሞላም ባይሞላም ክብሩ አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ይህን በየዕለቱ ከወላጆቹ አፍ ሊሰማ ይገባዋል። በቤት የቀሩ ጤነኞቹ ወንድሞቹና እኅቶቹም እንዲሁ፤ የአባትና የእናት ኀይል ሁሉ በአንዱ ልጅ መንገድ ላይ ሲያልቅ እነርሱ ዝም ብለው ይራባሉ፤ እንጀራ ሳይሆን ፍቅር ይራባሉ።

መድኃኒቱ ተስፋውን ባይሞላስ?

እውነትን ሳይናገሩ ማጽናናት ክርስቲያናዊ አይደለም። ኤለቪዲስ የተባለው መድኃኒት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የፈቀደው ሲሆን፣ በደም ሥር አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ ጉዳት እንዳያደርስ በተሠራ ቫይረስ አማካይነት የዘረ መሉን አጠር ያለ ቅጂ ወደ ጡንቻ ያደርሳል። ዋጋው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ተነገረ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የወጣው የትልቁ ጥናት ውጤት ግን ዋነኛ ተብሎ የተያዘውን የእንቅስቃሴ መለኪያ አላሟላም፤ ሌሎች መለኪያዎች መሻሻል ቢያሳዩም። እ.ኤ.አ. በ2025 መራመድ ካቆሙ ታካሚዎች መካከል በጉበት ድክመት የሞቱ ስለ ነበሩ፣ ባለሥልጣኑ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ጨምሮ መድኃኒቱ መራመድ ለሚችሉት ብቻ እንዲሆን ወስኗል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም በከንቱ ነበርን? አይደለም። የወንጌሉን ቅደም ተከተል ልብ እንበል። ሽባው በፊቱ በወረደ ጊዜ ጌታ መጀመሪያ የሰጠው የእግሩን ብርታት አልነበረም፤ አስቀድሞ ልጄ ብሎ ጠራው፤ ኀጢአቱንም አስተሠረየለት። መራመዱ በኋላ መጣ። አራቱ ሰዎች ሕመምተኛውን እስከ ጌታ ፊት አደረሱ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእነርሱ ሥራ አልነበረም። ተሸካሚ የሚጠየቀው ስለ መሸከሙ ነው፤ ስለ ፈውሱ አይደለም። ልጁ ባይፈወስ እንኳ ሰዎች ለእኔ ብለው ተጓዙ፤ ብቻዬን አልተተውሁም ብሎ ያውቃል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ሥቃይ ክርስቲያናዊ ትርጉም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ላይ በስፋት ማስተማራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሥቃይ ፊት የክርስቲያን የመጀመሪያ መልስ መቆምና መቅረብ ነውና።

ስለዚህ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ወገኖች እርግጠኛ ያልሆነውን ፈውስ እርግጠኛ አስመስለው አይናገሩ። ሐኪሙ ያለውን በትክክል ይናገሩ። የሰጪው ልብ እውነቱን ሰምቶ ይዘጋል ብሎ መፍራት በእግዚአብሔር ሕዝብ ላይ እምነት ማጣት ነው።

ከአንድ ልጅ ወደ ብዙዎች

አንዲት እናት ለልጇ ስትጓዝ ልባችን ይነካል። ነገር ግን መጓዝ የማትችለው፣ ስሟም የማይሰማው እናት ልጅስ? ፍቅር በአንድ ልጅ ይጀምራል፤ እዚያ ግን አይቆምም። በዚያው በቺሊ ሪካርቴ ሶቶ የተባለ ታማሚ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ2013 ሕመምተኞችን አስተባብሮ ወደ አደባባይ ወጣ፤ የሚጠይቀውም ዋጋቸው ከሰው አቅም በላይ የሆኑ መድኃኒቶች በመንግሥት እንዲሸፈኑ ነበር። እርሱ በዚያው ዓመት ዐረፈ፤ በስሙ የሚጠራው ሕግ ግን በ2015 ወጣ። ሕጉ ሁሉን ሕመም ባይሸፍንም የእርሱን ፊት አይተው ለማያውቁ ብዙ ሰዎች መድኃኒት አስገኝቷል።

በፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ1958 የዚሁ የጡንቻ ሕመም ታማሚዎች እናት የሆኑት ዮሌን ደ ኬፔር ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ በ1987 ቴሌቶን ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዲሴምበር ወር አካባቢ በየመንደሩ ሰዎች እየሮጡ፣ እየተጓዙና ብስክሌት እየነዱ ገንዘብ ያሰባስባሉ። በዚሁ ገንዘብ በ1990 ጄኔቶን የተባለው የምርምር ላቦራቶሪ ተቋቋመ። በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደውና የጀርባ ነርቮች ድክመት ላለባቸው ሕፃናት የሚሰጠው የጂን ሕክምና ከዚያ ላቦራቶሪ ምርምር ተጠቅሟል። በ1958 የደከሙት እናቶች እነዚህን ሕፃናት አላዩአቸውም። አንዱ ይዘራል፣ ሌላው ያጭዳል የተባለው ተፈጸመ (ዮሐ. 4፥37)።

ካቶሊካውያን ሰጪዎች ግን በዐይናቸው ጭምር ሊሰጡ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2006 በፈረንሳይ አንዳንድ ጳጳሳት ከቴሌቶን ገንዘብ ለፅንስ ምርምር ስለሚውለው ክፍል ጥያቄ ማንሣታቸው ይታወሳል። ታማሚውን ለመርዳት መድከምና ታማሚው እንዳይወለድ መምረጥ አንድ አይደሉም። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል መጠየቅ ንፉግነት ሳይሆን ኀላፊነት ነው።

በየቁምስናችን

ውድ ምእመናን፤ አልጋው አራት ማዕዘን ነበረው፤ ለእያንዳንዱም ማዕዘን ተሸካሚ ያስፈልግ ነበር። በየቁምስናችንም እንዲሁ ነው።

አንደኛው ማዕዘን መጎብኘት ነው። ሊቃነ ጳጳሳት ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 11 ቀን እንዲከበር ያደረጉት የዓለም ሕሙማን ቀን በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ታማሚው ግን በ365 ቀን ይታመማል። ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ያልቻለውን ልጅ የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ በቤቱ ያስተምረው፤ ለቅዱስ ቁርባንም ያዘጋጀው።

ሁለተኛው ማዕዘን እናትን ማሳረፍ ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ልጇን ጠብቀንላት እርሷ ብትተኛ ወይም ለቅዳሴ ብትመጣ፣ ይህም የማይለካ ረጅም መንገድ ነው።

ሦስተኛው ማዕዘን በሚቻለን መድከም ነው። ወጣቶች ቢሮጡ፣ ጎልማሶች ከአንዱ ቁምስና ወደ ሌላው እየጸለዩ ቢጓዙ መልካም ነው። ሰውነትን ግን ከዐቅሙ በላይ ማስገደድ አይገባም፤ የራስንም ሕይወት መጠበቅ ትእዛዝ ነውና።

አራተኛው ማዕዘን ታማኝነት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይገኝበት የታመኑ ወንድሞችን ላከ (2ቆሮ. 8፥18-21)። ስለ ታመመ ልጅ የተሰበሰበ እያንዳንዱ ሳንቲም በሁለትና በሦስት ሰዎች ይቆጠር፤ ይጻፍ፤ ለሕዝብ ይነገር። ገንዘቡ ቢተርፍ ወይም ልጁ ቢያርፍ ለምን እንደሚውል ከመጀመሪያው ይወሰን። በአንድ ልጅ ስም የተደረገ ማጭበርበር የሌሎችን መቶ ልጆች በር ይዘጋል።

ጌታ በቅፍርናሆም ያን ጣራ የነደሉትን አልገሠጻቸውም። ትምህርቱ ተቋረጠ፤ አፈር በሰዎቹ ራስ ላይ ወረደ፤ የቤቱ ባለቤትም ሳይከፋው አልቀረም ይሆናል። እርሱ ግን የተነደለውን ጣራ ሳይሆን የተሸከሙትን ሰዎች እምነት አየ። በእኛም መካከል የታመመ ልጅ ያለባት ቤት ጣራችንን ብታንኳኳ፣ ጸጥታችንን ብታውክ፣ ገንዘባችንንና ጊዜያችንን ብትጠይቅ፣ የአልጋውን አንድ ማዕዘን እንያዝ።

እንጸልይ። መሐሪ የሆንህ እግዚአብሔር አባታችን ሆይ፤ ከመወለዳቸው ጀምሮ ሕመም ለተሸከሙ ሕፃናት ብርታትን፣ ለወላጆቻቸው ዕረፍትን፣ ለሐኪሞችና ለተመራማሪዎች ጥበብን፣ ለገዢዎች ፍትሕን ስጥ። ስለ እነርሱ የሚደክሙትን እግሮች ከመሰናከል ጠብቅ። በመስቀሉ መንገድ ላይ የቀሬናውን ሰው ስምዖንን ረዳት አድርጎ በተቀበለው በልጅህ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ፤ አሜን።